ከአንኮበር ቁልቁል፦ አልዩ አምባ በየነገሥታቱ ዘመን

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም

ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋቱ ሞልቶ የወጣ አባዱላ ነው የያዝነው፣ እኔና የአክስቴ ልጅ። እሱ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አገሩን ያውቀዋል፣ እኔ ግን ሰሜን ሸዋን ወደ ደሴ ስናልፍ በመስኮት ከማየት በስተቀር ወርጄበት አላውቅም። አሁን የምንሄደው አልዩ አምባ ነው። ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ሰምቷል፣ ከአንኮበር ግርጌ ስላለችው የነጋዴ መንደር ግን ብዙም አይወራም፣ እኔን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር ንጉሥ ሲቀየር ታች ያለው ሰው ቤት ውስጥ ምን ይቀየራል የሚለው ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ማን ማንን ድል አድርጎ ነገሠ የሚለውን ነው፣ እሱ ነግሦ ሲያበቃ ገበሬው ጎተራ ምን ገባ ምን ወጣ የሚል ምዕራፍ አልነበረም።

ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንደርስ ብርዱ ገባ። አንጎለላ በዚሁ አካባቢ ናት፣ ምኒልክ በ1836 የተወለዱባት፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ ይቀመጡባት የነበረች ከተማ። የሸዋ ነገሥታት አንድ ቦታ አይረጉም ነበር፣ አንኮበር፣ ደብረ ብርሃን፣ አንጎለላ እያሉ ይዞሩ ነበር፣ አንድ ቦታ ብዙ ከቆዩ የአካባቢው እህልና ማገዶ አይችላቸውማ። ደብረ ብርሃንም ብትሆን ከዘርዐ ያዕቆብ ጀምሮ መናገሻ ሆና ታውቃለች።

ማታ አክስቴ ቤት ነው ያደርነው። ባሏ ሰባዎቹን ያለፈ የተጉለት ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። የጉዞውን ምክንያት ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ንጉሡንማ ማን አየው ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ጭቃ ሹሙን ነው» አለኝ። ከዛ በኋላ ማቆሚያ አልነበረውም። ጭቃ ሹም ማለት መንደር ውስጥ ግብሩን የሚሰበስበው፣ ለሥራ ሰው የሚያስወጣው፣ ከላይ የመጣውን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሰው ነው። ከሱ በላይ መልከኛው፣ ከዛ በላይ ደግሞ የአገር ገዢው። ነገሥታቱ ሲጣሉ የሚቀየረው ላይኛው ነው፣ ጭቃ ሹሙ ብዙ ጊዜ እዛው ይቀጥላል፣ የመንደሩን መሬት ማን እንደሚያርስና ማን ምን እንዳለው የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ለማንኛውም አዲስ ጌታ ያስፈልጋል።

ጋሼ የነገረኝ ሌላ ነገር ስለ ወንድሙ ነው፣ ይሄኛው ቅርብ ጊዜ ነው፣ በ1989 በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ የሆነ። ወንድሙ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ኮሚቴ ነበር። ሽግሽጉ ሲመጣ በደርግ ጊዜ ሥልጣን የነበረው ሰው «ቢሮክራት» ተብሎ ይመዘገብ ነበር፣ በንጉሡ ጊዜ የነበረው ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት»፣ እና በነዚህ ስሞች የተመዘገበ ሰው የሚቀርለት መሬት 4 ጥማድ፣ በግምት አንድ ሄክታር ነው። ወንድሙ ያው ኮሚቴ በመሆኑ መሬቱ ተቆርጦ ለሌላ ተሰጠ። «ኮሚቴ ሁን ያሉት እኮ ሰው ስለጠፋ ነው፣ ማንበብ ስለሚችል» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ላይ ቁጣው ገና አልበረደም። መሬት ያገኙት ወጣቶችም ችግረኞች ነበሩ፣ ይሄን እሱም አልካደም። ግን አስቡት፣ በአንድ መንግሥት ኃላፊነት የተቀበለ ገበሬ በሚቀጥለው መንግሥት ኃላፊነቱ ወንጀል ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ከዛ በኋላ ማን ኮሚቴ መሆን ይፈልጋል?

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ የገብስ አዝመራ እየታጨደ፣ በየደጃፉ ኩበት ተደርድሮ፣ ልጆች ካባ ለብሰው በግ ሲጠብቁ እያየን ሄድን። ድንገት ሜዳው ያልቅና መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ከሥር ግን ምንም አይታይም፣ ጉም ብቻ። ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ከሩቅ አገር የሚመጡትም ለዚሁ ገደል ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ የተገኘች የአንኮበር ስም የተሰጣት ትንሽ ወፍ አለች፣ እኛ ግን አላየናትም።

ጎረቤላ የወረዳው ከተማ ናት፣ ሽሮ በልተን (ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው) ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ተጓዝን። ከድሮው የቀረው ትንሽ የግንብ ፍራሽ ነው፣ ጫፉ ላይ በድሮው ቤተ መንግሥት መልክ የተሠራ ሎጅ አለ። ፍራሹን በእጄ ነካሁት፣ ድንጋዩና ጭቃው ውስጥ ሥር የሰደደ እንክርዳድ መሰል ሣር በቅሎበታል፣ እዚህ ነው እንግዲህ የሸዋ መሳፍንትና ነገሥታት የተቀመጡት፦ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ከዛ በ1805 አባታቸው ሲገደሉ ገና በወጣትነታቸው ሥልጣን የያዙትና ራሳቸውን የሸዋ ንጉሥ ብለው የሰየሙት ሣህለ ሥላሴ።

ቦታው ለምን እንደተመረጠ ሲቆሙበት ይገባል። በአንድ በኩል ደጋው፣ በሌላ በኩል እስከ አዋሽና አፋር በረሃ የሚወርደው ቆላ። ከባሕር የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን መልእክተኛ፣ ከታጁራ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በዚህ በር ነው ወደ ሸዋ የሚገባው። በሩን የያዘ ሁሉን ያዘ። እንግሊዞች በሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ልከው በኅዳር 1834 ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተዋዋሉ፣ ፈረንሳዮቹም በሮሼ ዴሪኩር በኩል ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ንጉሡ ጠመንጃ ፈልገው ነው፣ እነሱ ደግሞ ንግድ። ውሉ ላይ ስለ ነጋዴ ደኅንነት ተጽፏል፣ ስለ ገባሩ ግን የሚያነሳ አልነበረም።

ሣህለ ሥላሴ በ1840 አረፉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ስምንት ዓመት ያህል ገዙ፣ ከዛ ቴዎድሮስ መጡ። በ1848 ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፣ የሸዋ ጦር በረከት ላይ ተሸነፈ፣ የ11 ዓመቱ ምኒልክ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ቴዎድሮስ ሸዋን ለኃይለ መለኮት ወንድም ለኃይለ ሚካኤል ሰጡ፣ ከዛ ለአቶ በዛብህ፣ በዛብህ ደግሞ በቴዎድሮስ ላይ አምጾ ነገሥሁ አለ። ምኒልክ በሰኔ 1857 ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ በንግሥት ወርቂቱ በኩል አልፈው ሸዋ ሲገቡ የገጠማቸው እሱ ነው፣ ገዲሎ ላይ አሸነፉት። አስር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይቺ ኮረብታ ስንት ጌታ እንዳየች ቁጠሩ። እያንዳንዱ ሲመጣ ደግሞ ሠራዊቱ ይበላል፣ ሠራዊት በዛን ጊዜ ደመወዝ የለውም፣ የሚበላው ከሰፈረበት ገበሬ ቤት ነው።

ከዛ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ለቀቀ። ምኒልክ ወደ ልቼ፣ ወደ እንጦጦ፣ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ሊሸጥ ጠመንጃ ጭኖ በበረሃ ተሰቃይቶ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም፣ እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። አንኮበር ከዛ በኋላ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ማታ ብርዱ በጣም በረታ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም እግሬ አልሞቀም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

መኪና አለ ግን በእግር ለመውረድ ወሰንን፣ የድሮውን የግመልና የበቅሎ መንገድ በመጠኑም ቢሆን ለማየት። ግመሎቹ አንኮበር ድረስ አይወጡም ነበር፣ ጭነቱ ታች ወርዶ በአህያና በበቅሎ ነው ሽቅብ የሚሄደው። ለምን እንደሆነ ጉልበቴ ነገረኝ። መጀመሪያ ጥድና አስታ፣ ገብስና ባቄላ፣ ትንሽ ስንወርድ ጤፍ፣ ከዛ ማሽላ፣ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ከዛ ነጠላውንም ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፣ ከሰዓት በኋላ ላብ በጀርባዬ እየወረደ ነበር። በአንድ ቀን መንገድ ደጋም ቆላም ያለበት አገር ነው፣ የደጋው ሰው ገብስና ባቄላውን፣ የቆላው ማሽላና ጥጡን፣ የበረሃው ሰው ጨውን ይዞ መሀል ላይ ይገናኛል። መሀሉ አልዩ አምባ ነው።

መንደሩ አምባ ላይ ነው የተሠራው፣ ቤቶቹ በጀርባው ላይ ተደርድረዋል፣ መስጊዱ ከሩቅ ይታያል። ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ አካባቢው የአርጎባዎች አገር ነው። መውሊድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ስለቀረው ሰው ሁሉ ሥራ ይዟል፣ ሴቶች ግቢ ሲጠርጉ ወንዶች እንጨት ሲፈልጡ አገኘናቸው።

አንድ ግቢ በር ላይ ሸማኔ ቁጭ ብሎ እየሠራ ነበር። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያዋን ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳታል፣ በግራ እጁ ይቀበላታል፣ ማጉን ጠበቅ ያደርጋል፣ ደግሞ ይረግጣል። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ ነው የሚያወራን። አባቱም አያቱም ሸማኔ ነበሩ። ጥጡን ድሮ ከዚሁ ቆላ ነበር የሚያገኙት፣ አሁን ክሩ የፋብሪካ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ነጋዴ ነው የሚገዛው። የአርጎባ ሽመና ድሮ የታወቀ ነው፣ ከዚህ የወጣ ኩታ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር ይላል እሱ፣ እኔም አምነዋለሁ፣ ቤተ መንግሥቱ እኮ ከራሱ ላይ ነበር።

የዛን ዘመን ተጓዦች እንደጻፉት እዚህ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር። ጨው፣ ቡና፣ ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ዝሆን ጥርስ፣ ከብትና በቅሎ። መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር፣ ሐረሮችም ከነገንዘባቸው ይመጡ ነበር። ጎን ያለው አብዱል ረሱል የሚባለው መንደር ደግሞ የሰው ልጅ ይሸጥበት ነበር። ይሄንን ሳነሳ የመንደሩ ሰዎች ፊት ላይ ጭንቀት አየሁ፣ አንዷ እናት ብቻ «ነበረ፣ ምን ይደረጋል፣ ነበረ» አሉኝ፣ ጨዋታውንም አልቀየሩትም። ከደቡብና ከምዕራብ በዘመቻ የተማረኩ፣ የተሰረቁ ልጆች እዚህ ተሸጠው ቁልቁል ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ከቀረጡ ላይ አንኮበር ያለው ንጉሥ ድርሻ ነበረው። ስለ ነገሥታቱ ክብር ስናወራ ይሄንን መተው አልችልም፣ አንኮበር ላይ ከተበላው ግብር ከፊሉ የመጣው ከዚህ ገበያ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ገረመኝ። ይሄን አካባቢ ለሣህለ ሥላሴ ያስተዳድር የነበረው ሰው ወላስማ መሐመድ ይባላል። ወላስማ ማለት እኮ የይፋት ሡልጣኖች ቤተሰብ ነው! በ13ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይፋትን የመሠረቱት፣ ከነ ዐምደ ጽዮን ጋር የተዋጉት፣ ከተሞቻቸው የነበሩት ኖራና አስባሪ ፍርስራሻቸው አሁንም ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት አቅጣጫ ያለው። ሡልጣኔቱ ጠፋ፣ ግራኝ አሕመድ መጣ ሄደ፣ የኦሮሞ መስፋፋት መጣ፣ የሸዋ መሳፍንት ከመንዝ ወርደው ያዙት፣ ከ500 ዓመት በኋላ ግን ያው ቤተሰብ የክርስቲያን ንጉሥ ሹም ሆኖ የዛኑ አገር በር ይጠብቃል፣ ቀረጥ ይሰበስባል። የንጉሡን ወንድሞችና ዘመዶች ያሰሩበት የነበረውን የጎንቾን ወህኒም የሚጠብቀው እሱ ነበር፣ ሥልጣን የሚፈልግ የአልጋ ዘመድ እንዳይነሳ ተብሎ በሰንሰለት የሚቀመጥበት። ጋሼ ሐሙስ ማታ ስለ ጭቃ ሹም ያለኝ ነገር እዚህ በትልቁ መጣልኝ፣ ጌታ ሲቀየር አገሩን የሚያውቀው ሰው ይፈለጋል።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት ነው የዋልነው። የአክስቴ ልጅ በሸማኔው በኩል ያገኛቸው ሽማግሌ ናቸው፣ እድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣልያን ሲወጣ ዳዴ እል ነበር» ነው የሚሉት። ገና ሰላም ብለን ሳንጨርስ «ነይ ልጄ ወደዚህ ጥላው ጋ፣ አንተም ግባ» ብለው መደብ ላይ ምንጣፍ አስነጠፉልን፣ ቡና ተፈላ፣ ቅጠል ያለበት ሣህን ቀረበ።

ስለ ነገሥታት ስጠይቃቸው ብዙም አልተናገሩም። ስለ ግብር ስጠይቃቸው ግን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ያቺን ቆርቆሮ» አሉት። የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ናት፣ ቀለሟ ለቆ ጠርዟ ዝጓል፣ ክዳኗን በቢላዋ ነው የከፈቱት። ውስጧ በጨርቅ የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ። የመጀመሪያው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የተሰጠ የግብር ደረሰኝ ነው፣ የእጥፋቱ መስመር ላይ ሊበጠስ ደርሷል፣ ማኅተሙ ላይ የአንበሳው ጭራ ይታያል ፊቱ ግን ጠፍቷል፣ በእስኪርቢቶ የተጻፈው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሄዷል። ስሙን አነበብኩትና «የማን ስም ነው አባባ?» አልኳቸው፣ የሳቸው አባት ስም አልነበረም።

«የባለ ርስቱ ነው» አሉ። «የከፈለው ግን አባቴ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ጢሰኛ ነበሩ፣ ከምርቱ ሲሶውን ለባለ ርስቱ ይሰጣሉ። ከዛ በላይ አስራት ነበር፣ ከአስር አንድ። ከጣልያን በኋላ ንጉሡ ግብሩን አስተካከሉት ተባለ፣ አስራት በዓይነት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ ሆነ፣ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ጋሻ በሚባለው የመሬት ልኬት ተመደበ፣ ቀስ እያለ የትምህርት ግብር፣ የጤና ግብር ተጨመረ። በሕጉ ከፋዩ ባለ ርስቱ ነው። በተግባር ባለ ርስቱ ጢሰኛውን ጠርቶ «ይሄን ያህል መጥቷል» ይለዋል፣ ይሄ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የሆነ ነገር ነው። አባታቸው አንድ ዓመት ገንዘቡን ራሳቸው ወስደው ከፍለው ደረሰኙን ለባለ ርስቱ ሳይመልሱ ደብቀው አስቀሩት። አንድ ቀን ዳኛ ፊት ማስረጃ ይሆነኛል ብለው። ዳኛ ፊት የቀረበበት ቀን አልመጣም፣ ወረቀቱ ግን አለ፣ በእጄ ይዤዋለሁ፣ በሰው ስም የተጻፈ የሳቸው ላብ።

ስለ ጣልያን ዘመን እናታቸው የነገሯቸውን አወሩኝ። አንኮበር ላይ ጣልያን ሰፍሮ ነበር፣ ተራራው ላይ ደግሞ አርበኛ። ይሄ አገር የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች የሚንቀሳቀሱበት ነው፣ ከዚህ ወደ ሰሜን መንዝ ውስጥ ደግሞ አመፀኛ ዋሻ አለ፣ በ1931 ጣልያን ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን ሕዝብ፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት የፈጀበት። እዚህ መንደር ቀን ለጣልያን ዶሮና እንቁላል ይሸጣል፣ ሌሊት ለአርበኛ ስንቅ ይወጣል። እናታቸው ድርቆሽ በአቁማዳ ይዘው ሌሊት ተራራ ወጥተዋል፣ ጠዋት ደግሞ ያው እጃቸው እንቁላል ይቆጥራል። በሁለቱም በኩል ቢታወቅባቸው ሞት ነው። ጣልያን ሲገባ ሙስሊሙን በልዩ ሁኔታ ለመያዝ ሞክሯል፣ መስጊድ እሠራለሁ እያለ፣ «አንዳንዱ ተቀበለ፣ አንዳንዱ አልተቀበለም፣ ክርስቲያኑም እንደዛው ነበር» አሉ፣ ባንዳ ስለነበሩት ስም ግን አልጠሩልኝም፣ ልጆቻቸው ጎረቤት ናቸው።

ሁለተኛው ወረቀት የገበሬ ማኅበር አባልነት መታወቂያ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ተብሎ በሬዲዮ ሲታወጅ መንደር ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ሰው ቤቱን ሞልቶ ደጁን ሞልቶ ሰማ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ የለም፣ ጢሰኝነት ቀረ፣ ሲሶ ቀረ። ሽማግሌው እዚህ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ። «አባቴ እኮ ያን ዓመት ማሽላውን ሙሉውን ቤቱ አስገባ። ጎተራው አልበቃ ብሎ ማድጋ ውስጥ ጨመርን።» ከእድገት በኅብረት ዘማቾች መካከል እዚህ የመጡ የአዲስ አበባ ተማሪዎች ማታ ማታ ፊደል ያስተምሩ ነበር፣ እሳቸውም ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ከነሱ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ፊርማ የራሳቸው ነው፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ግን የአባታቸው ስምም ፊርማም የለም።

ግን ደስታው አልቆየም። ኮታ መጣ፣ ከምርትህ ይሄን ያህል ኩንታል ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ አስረክብ፣ ዋጋው ከገበያው በታች ነው፣ ማሽላው ባይሰጥህም ከገበያ በውድ ገዝተህ በርካሽ ታስረክባለህ። ከዛ ብሔራዊ ውትድርና። ታናሽ ወንድማቸው ገበያ ውሎ ሲመለስ ተይዞ ሄደ፣ ከሰሜን አልተመለሰም። ቆርቆሮዋ ውስጥ ስለሱ ምንም ወረቀት የለም። ትንሽ ዝም ተባባልን፣ የልጅ ልጃቸው ቡናውን ደገመ።

ሦስተኛው አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፣ የነዚህ ዓመታት። ይሄኛው ለየት ያለበት ነገር የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ነው የተለጠፈው። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «አሳዪኝ እስቲ፣ ያኔ ወጣት ነበርኩ» አሉ፣ ፎቶውን በጣታቸው ጠረጉት። በነገሥታቱ ዘመን ሚስት በዚህ መልክ ወረቀት ላይ ትገኛለች ብሎ ማሰብም ይከብዳል። መሬቱ አሁንም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ መሸጥ አይቻልም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ደግሞ አለ፣ ዓመት በዓመት ይመጣል። ሽማግሌውን የትኛው ዘመን ይሻላል አልኳቸው። ደብተሩን ጨርቁ ውስጥ እየመለሱ «67 ላይ አባቴን ሰው አደረገው፣ ወንድሜን ደግሞ ያው መንግሥት ወሰደው» አሉኝ። ከዛ በላይ እንዲመልሱልኝ አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ሽቅቡን በአይሱዙ ጭነት መኪና መጣን፣ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን። ከአንኮበር ብዙ ሳይርቅ ልጥ ማረፊያ የሚባለው ቦታ አለ፣ ምኒልክ በ1869 ለጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት መሬት። አንቲኖሪ የተባለው ሽማግሌ ጣልያናዊ እዚሁ ወፍና ነፍሳት እየሰበሰበ ኖሮ በ1874 እዚሁ ሞቶ ተቀበረ። አንቶኔሊ የሚባለውም መጣ፣ እሱ ነው በ1881 የውጫሌን ውል ያዋዋለው፣ የአድዋ ጦርነት መነሻ የሆነውን። ይሄን የመሰለ ትልቅ ታሪክ ያለፈበት ቦታ ላይ አሁን የሚታየው ተራ የገበሬ ማሳ ነው፣ አንድ አባት ባቄላ ሲሰበስቡ አገኘንና ስለ ቦታው ጠየቅናቸው፣ ፈረንጆች አልፎ አልፎ መቃብር ሊያዩ እንደሚመጡ ነገሩን፣ ኢትዮጵያዊ ሲመጣ ብዙም እንዳላዩ ጭምር።

እስከ ጎረቤላ ድረስ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንከራከር መጣን፣ አልዩ አምባን የጎዳት የትኛው ንጉሥ ነው በሚለው። እሱ ቴዎድሮስ ይላል፣ በሠራዊቱ ምክንያት። እኔ ግን አሁን የማምነው ሌላ ነው። ሠራዊት መጥቶ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ሰው እንደገና ይዘራል። ምኒልክ እንጦጦ ሲወጡ ግን ገበያው ገዢውን አጣ። ከዛ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከባሕር የሚመጣው ጨርቅም ጠመንጃም ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናም መንገዱን ቀየረ፣ የታጁራው ቅፍለት ቀረ። ማንም አልዩ አምባን አልወጋትም፣ ማንም አላቃጠላትም፣ ዝም ብሎ መንገዱ በሌላ በኩል ሄደ። የባሪያው ንግድ ከዚህ መቅረቱ እሰየው ነው፣ ሸማኔውና ጨው ነጋዴው ግን ምን አጠፉ? በየትኛውም የነገሥታት ዝርዝር ላይ ይሄ ዓመት ተለይቶ አይጻፍም፣ መንደሯ ግን ከሁሉም በላይ የተቀየረችው ያኔ ነው።

ለዚህ ነው ይሄን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር የምለምነው። አያቶቻችሁ ቤት፣ ሣጥን ወይም ቆርቆሮ ውስጥ፣ የድሮ ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር ካርድ፣ የዳኝነት ወረቀት ካለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ማን እንደከፈለውና በማን ስም እንደሆነ ጠይቃችሁ መዝግቡ። እኛ የሽማግሌውን ሦስት ወረቀቶች ፊትና ጀርባቸውን አንስተን ለልጅ ልጃቸውም ልከንለታል፣ ከመውሊድ በኋላ ደግሞ ጎንቾን እሱ ራሱ ሊያሳየን ቃል ገብቷል፣ የወህኒው ቦታ የቱ ጋ እንደነበር አያቱ ስለሚያውቁት።